በሩ ተቆልፎ ነበር

ታኅሣሥ ነው። የደብረ ብርሃንን ታኅሣሥ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሌሊቱን ውርጭ ወርዶ ሣሩ ነጭ ሆኗል። እንደ ሁልጊዜው ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ላይ መኖ በጣሳ ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ሌላ ጊዜ ዶሮዎቹ ገና ኮቴዬን ሲሰሙ ይንጫጫሉ። የዚያን ዕለት ግን ጸጥ ብለዋል።

በሩ እንደተዘጋ ነው። መወርወሪያው ማታ እኔው እንደወረወርኩት አለ። ስከፍተው መጀመሪያ ያየሁት ላባ ነው። ሰጋቱራው ላይ፣ መጠጫው ውስጥ፣ ግድግዳው ላይ ሳይቀር ላባ ተለጥፏል። ከ24 ቄቦች 11ዱ ሞተዋል። የተበሉት ሁለት ብቻ ናቸው፤ እነሱም ከጭንቅላታቸውና ከአንገታቸው። የቀሩት ዘጠኙ አንገታቸው ላይ ተነክሰው እንዲሁ ተጥለዋል። በሕይወት የተረፉት 13ቱ ላይኛው ቆጥ ላይና ጥግ ላይ ተደራርበው ነበር። መኖውን ባፈስላቸውም አልወረዱም።

ቦቫንስ ብራውን የሚባሉ የእንቁላል ዶሮዎች ናቸው። የመስከረም መጀመሪያ ላይ የ45 ቀን ሆነው ነው የገዛኋቸው። ሦስት ወር ከምናምን መኖ እየገዛሁ፣ ክትባታቸውን እየተከታተልኩ አሳድጌያቸው፣ እንቁላል መጣል ከጀመሩ ገና ሳምንት አልሞላቸውም ነበር። ዶሮ ያረባ ሰው ይህ ጊዜ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ወጪው ሁሉ ወጥቶ አልቆ፣ ገቢው ሊጀምር ሲል ማለት ነው። ይህን የምጽፈውም እናንተ በዚያ ሰዓት ላይ እንዳትደርሱ ነው።

በሩ ተቆልፎ ስላገኘሁት መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሰው ነው። ከዚያ ደግሞ ሰው ቢሆን ይዞ ይሄድ ነበር እንጂ ገድሎ አይጥልም አልኩ። ቀጥሎ ወደ ጎረቤቴ ውሻ ዞርኩ። ለእትዬም ፊት ለፊት ነገርኳቸው። እሳቸው ግን ውሻው ሌሊቱን ታስሮ እንዳደረ ማሉልኝ። ከሦስት ቀን በኋላ እውነቱን ሳውቅ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ቡና አፍልተው ተቀበሉኝ። ቢሆንም ያን ጠዋት የተናገርኩት ነገር እስካሁን ይከነክነኛል። ስለዚህ መጀመሪያ የምላችሁ ይህን ነው፦ በሩን ሳትመረምሩ ማንንም አትጠርጥሩ።

ነገሩን የገለጡልኝ በሰፈራችን ያሉ አንድ አዛውንት ናቸው። አባባ ነው የምላቸው። ወሬውን ሰምተው ዱላቸውን ተደግፈው መጡ። መወርወሪያውን ዞር ብለውም አላዩት። በሩን ዝጊው አሉኝና ከውጭ ሆነው ቁጢጥ አሉ። ከዚያ የበሩን የታችኛውን ጥግ በዱላቸው ጫፍ ገፋ አደረጉት። ጥጉ ወደ ውስጥ ገባ። መወርወሪያው ከመሃል ስለያዘው በሩ አልተከፈተም፤ ጥጉ ግን እንደ መጽሐፍ ገጽ ታጠፈ።

«እስቲ እጅሽን አስገቢ» አሉኝ።

አስገባሁ። እስከ ክርኔ ገባ።

«ልጄ፣ አንቺ የቆለፍሽው ለሰው ነው። አውሬ መወርወሪያ አያውቅም። በአፍንጫው እየዳበሰ የላላውን ነው የሚፈልገው።»

ጎንበስ ብዬ ሳይ ከጥጉ አጠገብ በወጣች አንዲት ምስማር ላይ ጥቂት ፀጉር ተይዟል። ግራጫ ነው፣ ጫፉ ጠቆር ያለ። አባባ አንዴ አይተው «ሸለምጥማጥ» አሉ። ሸለምጥማጥ ቀጭን እንስሳ ነው። ክብደቱ ሁለት ኪሎ ቢሆን ነው። ሰውነቱ ነጠብጣብ አለው፣ ጅራቱ ረጅምና ቀለበት ቀለበት ያለበት ነው። በሌሊት ብቻውን ይሄዳል፣ ዛፍና ግድግዳ ይወጣል። ጭንቅላቱ የገባበት ሌላው አካሉ ይገባል። እንዲህ ተዘግቶ በሚያድር ቤት ውስጥ ሲገባ ደግሞ ዶሮዎቹ ይደነግጣሉ፣ ይንፈራፈራሉ። የሚንቀሳቀሰውን ሁሉ ይነክሳል። ለዚህ ነው ሁለት በልቶ ዘጠኝ ገድሎ የሄደው።

እኔ ግን እርግጠኛ መሆን ፈለግሁ። አባባ በነገሩኝ መሠረት ማታ ማታ ከምድጃ የወጣ አመድ በወንፊት ነፍቼ በሩ ፊትና በቤቱ ዙሪያ ነሰነስኩ። የተረፉትን ዶሮዎች ማብሰያ ቤት አሳደርኳቸው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አመዱ ላይ ዳናው ቁልጭ ብሎ ታየኝ። የድመት የሚመስሉ ትንንሽ ክብ ዱካዎች፣ ጥፍር የማይታይባቸው። መንገዱ ደግሞ በጣም ገረመኝ። በግድግዳው ሥር ሥር መጥቶ፣ እያንዳንዱ ጥግ ላይ ቆሞ፣ በሩ ጋ ሲደርስ ግን ቀጥታ ወደዚያች ጥግ ነው የሄደው። አልረሳትም። አውሬ አንዴ ያገኘበትን ቦታ ተመልሶ ይመጣል። ጉዳት በደረሰባችሁ ማግስት በሩን ነገ እሠራዋለሁ ብላችሁ ዶሮዎቹን እዚያው አታሳድሩ።

አመዱን ማንም ሰው እንዲሞክረው እመክራለሁ። ምንም ወጪ የለውም። ውሻና ቀበሮ ከሆነ የጥፍራቸው ምልክት ከፊት ይታያል። ጥርኝም እንደዚያው ነው፣ ከሸለምጥማጡ ግን በጣም ይተልቃል፣ መውጣት አይወድም፣ በምድር ነው የሚሄደው። ማን እንደሚመጣባችሁ ካወቃችሁ ምን እንደምታጠብቁ ታውቃላችሁ። የሚቆፍር ከሆነ ደፉን፣ የሚወጣ ከሆነ ጣሪያውንና መስኮቱን።

አሁን ወደ በሩ ልመለስ። ያ በር ነሐሴ ላይ ሲሠራ ልክክ ብሎ የተገጠመ ነበር። ወረቀት አያሳልፍም። ታዲያ ምን ሆነ? የተሠራው ከእርጥብ ባህር ዛፍ ነው። ባህር ዛፍ ሳይደርቅ ከተሠራ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይጣመማል። ክረምት አልፎ የኅዳርና የታኅሣሥ ደረቅ ነፋስ ሲመጣ ሳንቃዎቹ ተኮማተሩ፣ ሞራሌው ተጣመመ፣ በእርጥብ እንጨት ላይ የተመታው ምስማርም ላላ። እኔ ደግሞ በየቀኑ ስለምከፍተውና ስለምዘጋው ለውጡን አላየሁትም። መወርወሪያው እስከገባ ድረስ ተዘግቷል ብዬ ነበር የማምነው። በዚያ ላይ መወርወሪያው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ከመሃል። በሩ ደግሞ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው። ከውጭ የሚገፋ ሁሉ የሚገፋው ባዶ ላይ ነው።

አዲሱን በር ሳሠራ እነዚህን አንድ በአንድ አስተካከልኩ። አናጢው ጋሼ መጀመሪያ ላይ ለዶሮ ይህን ያህል ምን አደከመሽ ብለውኝ ነበር። የሞቱትን ሲያዩ ግን ዝም ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ።

እንጨቱን ከአንድ ዓመት በላይ ከተቀመጠ የቤት ፍራሽ አገኘን። የድሮ ሞራሌ ነው፤ ያረጀ ቢመስልም ደረቅ ስለሆነ ከእንግዲህ አይጣመምም። አዲስ የምትገዙ ከሆነ ጥላ ሥር አጋድማችሁ በደንብ እስኪደርቅ አቆዩት። ጊዜ ከሌላችሁ በያጅ ጋ ሄዳችሁ ክፈፉን በብረት አሠሩት። ይወደዳል፣ ግን አንዴ ነው።

በሩ ወደ ውጭ እንዲከፈት አደረግን። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል፣ ነገር ግን ከሁሉም ትልቁ ለውጥ ይሄ ነው። በሩ ሲዘጋ በዙሪያው መቃኑና ጉበኑ ላይ፣ ከታች ደግሞ ደፉ ላይ አራት ሳንቲ ሜትር ያህል ይደርባል። ከውጭ ሲገፋ መቃኑ ላይ ይበልጥ ይጣበቃል እንጂ አይታጠፍም። መወርወሪያዎቹን ሁለት አደረግናቸው፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች፣ ከጥጎቹ አንድ ስንዝር ገባ ብለው። ማጠፊያዎቹንም ሦስት። ሁሉንም በምስማር ሳይሆን እንጨቱን ወጋ አድርጎ በሚያልፍ ብሎን አሠርናቸው፣ ከውስጥ በሮንዴላና በዳዶ። ምስማር ከጊዜ ጋር ይነቀላል። ብሎን ግን ቢላላም በፒንሳ ይጠብቃል።

የበሩን የታችኛውን 40 ሳንቲ ሜትር በላሜራ አለበስነው። አንደኛ እንጨቱን ከዝናብ ይጠብቃል። ሁለተኛ አይጥ አትበላውም። አይጥን አትናቁ። 2 ሳንቲ ሜትር በምታህል ቀዳዳ ትገባለች፣ መኖ ትበላለች፣ ጫጩት ትገድላለች፣ ከሁሉም በላይ የሷን ቀዳዳ ሌላው አውሬ ያሰፋዋል።

ደፉ ቀድሞ አንድ ግንድ ብቻ ነበር፣ ሥሩ አፈር ነው። 30 ሳንቲ ሜትር ቆፍረን በድንጋይና በሲሚንቶ ሞላነው፣ ከመሬት 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ አደረግነው። ከደፉ ወደ ውጭ ደግሞ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ሽቦ መሬት ላይ አንጥፈን በጠፍጣፋ ድንጋይ ተጫንነው። ቆፋሪ አውሬ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከግድግዳው ሥር ነው። ሽቦው ሲገጥመው ወደ ኋላ ሄዶ መቆፈርን አያስብም።

ስለ ሽቦ ካነሳሁ አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በየሱቁ የሚሸጠው ባለ ስድስት ጎን ቀጭን ሽቦ ዶሮ እንዳትወጣ ያደርጋል እንጂ አውሬ እንዳይገባ አያደርግም። ውሻ በጥርሱ ይበጥሰዋል። ሸለምጥማጥ እጁን አስገብቶ ሽቦው ላይ ተጠግታ የተኛችን ዶሮ ይይዛል። ለመስኮትና ለበር የሚሻለው የተበየደው፣ ባለ አራት ማዕዘኑ ሽቦ ነው። ቀዳዳው ከአንድ ሳንቲ ሜትር ብዙም የማይበልጠው ይመረጣል። ካላገኛችሁ ቀጭኑን ሁለት ድርብ አድርጋችሁ ቀዳዳዎቹ እንዳይገጣጠሙ አዛንፋችሁ ምቱት። አመታቱም ወሳኝ ነው። ምስማር አጥፎ መያዝ አይበቃም። በሽቦው ጠርዝ ላይ ቀጭን ጣውላ አጋድማችሁ ከነጣውላው ምቱት፤ ያኔ አንዱ ቦታ ቢላቀቅ ሌላው ይይዘዋል። ደግሞ ብርድ ነው ብላችሁ መስኮቱን በላስቲክ አትድፈኑት። እኔም አድርጌው ነበር። ጠዋት ስትገቡ ዓይናችሁን የሚያቃጥለው ሽታ የዶሮዎቹንም ሳንባ ያቃጥላል። ከጣሪያው ሥር፣ ከቆጡ በላይ፣ በሽቦ የተያዘ መተንፈሻ ይኑር።

ዶሮዎቹ የሚወጡባት ትንሿ በር ሌላ ጣጣ ነበረባት። 30 በ35 ሳንቲ ሜትር ናት፣ ወደ ላይ በገመድ የምትሳብ። ክብደቷ ይዘጋታል ብዬ ነበር። አንድ ቀን ግን ልጄ ከውጭ በሁለት ጣቱ ከሥሯ ይዞ አነሳት። ልጅ በሁለት ጣት የሚያነሳውን አውሬ በአፍንጫው ያነሳዋል። አሁን ግራና ቀኝ ባሉት ማስኬጃዎች ላይ ቀዳዳ በስተን፣ ስትዘጋ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ፌሮ ቁራጭ በአግድም እናሳልፍባታለን። ያለ ፌሮው ተዘጋች አንልም። ሌላም አለ። በሯ የምትቀመጥበት ማስኬጃ ውስጥ ሰጋቱራና ኩስ ይጠራቀማል። የተጠራቀመው ሁለት ጣት ከሆነ በሯ ሁለት ጣት ክፍት ናት ማለት ነው። ማታ ማታ በእጄ ጠርጌው ነው የምዘጋት። ያቺ ጥረጋ አንድ ደቂቃ አትፈጅም።

በሩን ሠርታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ሁለት ፈተና አድርጉ። አንደኛው ቀን ላይ ነው። ውስጥ ገብታችሁ በሩን ከውጭ አስዘጉትና ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ቁሙ። ብርሃን የሚገባበት ሁሉ ይታያችኋል። የትንሿ ጣታችሁ ጫፍ የሚያልፍበት ክፍተት ካለ ይደፈን። ሁለተኛው ማታ ነው። ባትሪ ውስጥ አብርታችሁ አስቀምጡና ዘግታችሁ ከውጭ ዙሩ፣ ጣሪያውንም ጭምር። እኔ በዚህ ፈተና ከቆርቆሮው ሞገድ ሥር፣ ግድግዳውና ጣሪያው በሚገናኙበት፣ ሰባት ቀዳዳ አገኘሁ። ሸለምጥማጥ ግድግዳ እንደሚወጣ አስታውሱ። ከዚያ በኋላ እጃችሁን ተጠቀሙ። እያንዳንዱን ጥግ ግፉ፣ ጎትቱ። እኔ በየወሩ መጀመሪያ ቀን አደርገዋለሁ። እንጨት በክረምትና በበጋ አንድ አይደለም።

በር ግን ካልተዘጋ በር አይደለም። ዶሮ ሲመሽ ራሷ ትገባለች፣ ግን የሚዘጋላት ሰው ያስፈልጋል። እኛ ጋ ኅዳር ላይ ፀሐይ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፣ ሐምሌ ላይ ወደ 12 ሰዓት ከ45 ትሄዳለች። ስለዚህ ለሁሉም ወር አንድ ሰዓት ይዞ መሄድ አያስኬድም። ቤታችን ውስጥ የመዝጋቱ ሥራ የማን እንደሆነ ለየነው፤ የበኩር ልጄ ነው። እሱ ከሌለ ለማን እንዳስረከበ ይናገራል። ሁሉም ሰው ሌላው ዘግቶታል ብሎ ያደረበት ሌሊት ነው የሚያስፈራው።

መቁጠርም የግድ ነው። አንድ ቀን ለቅሶ ሄጄ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተመለስኩ። ልጄ በሩን በደንብ ዘግቶታል፣ ፌሮውም ገብቷል። አልቆጠረም እንጂ። አንዷ ቄብ ፅዱ ላይ ወጥታ ቀርታ ነበር። ጠዋት ከዛፉ ሥር ላባዋን ለቀምኩ። ከዚያ ወዲህ ከጨለመ በኋላ በባትሪ ነው የምንቆጥረው። ዶሮ በጨለማ ስለማታይ ከቆጧ አትነቃነቅም፣ ቆጠራው አይሳሳትም።

ሜሪላንድ ያለችው የአክስቴ ልጅ እሷም በጓሮዋ ስድስት ዶሮዎች አሏት። ስለ በሩ ስነግራት የነሱን አገር ጉድ ነገረችኝ። ራኩን የሚባል እንስሳ አለ፤ እጁ እንደ ሰው እጅ ጣት ያለው ነው፣ መንጠቆም መወርወሪያም ይከፍታል። ስለዚህ እሷ በእያንዳንዱ መወርወሪያ ላይ የቁልፍ መያዣ የሚመስል ባለ ስፕሪንግ ማያያዣ ታስገባለች፤ ሁለት ዓይነት እንቅስቃሴ ስለሚፈልግ አይከፍተውም አለችኝ። እዚያ ላላችሁ ይህን ልብ በሉት። በብርሃን ራሱ የሚከፈትና የሚዘጋ በር ልላክልሽ ብላኝ ነበር። አመሰግናለሁ አልኳት። መብራት ሲጠፋ ባትሪው ያለቀ በር ክፍት ሆኖ ያድራል። ደግሞም ማሽኑ ይዘጋል እንጂ አይቆጥርም።

መርዝ አድርጊበት ያሉኝ ብዙ ናቸው። ሥጋ ላይ መርዝ ቀብተሽ ጣዪለት፣ ትገላገያለሽ አሉኝ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። መርዙን ሸለምጥማጡ ብቻ አይበላውም። የእትዬ ውሻ ይበላዋል፣ ድመት ይበላዋል፣ የሞተውን ያነሳ አሞራ ይሞታል፣ ሕፃን ልጅ እጁን ይነካካበታል። ሸለምጥማጥ ደግሞ አይጥም የሚበላ እንስሳ ነው። እኔ እሱን አልጠላውም። ይኖርበት የነበረው መሬት ሁሉ ቤት እየሆነበት፣ ያገኘውን በር ነው የሞከረው። የላላው የእኔ በር ነበር።

ባለፈው ጥር እንደ ልማዴ አመድ ነስንሼ አድሬ ነበር። ጠዋት ስወጣ ዳናው አለ። በግድግዳው ሥር ሥር መጥቷል። የትንሿ በር ፊት ቆሟል፣ አመዱ ተበጥብጧል። ከዚያ ወደ ትልቁ በር፣ ወደዚያች የታችኛዋ ጥግ። ላሜራው ላይ የአፍንጫው እርጥበት ውርጭ ሆኖ እንደ ትንሽ ክብ ማኅተም ቀርቷል። ከዚያ ዱካው ዞሮ ወደ ባህር ዛፉ ሄዷል።

ሁለቱን መወርወሪያዎች ስቤ ገባሁ። ቆጠርኩ። በኋላ ከተጨመሩትና ከነአውራው 31።